የከተራው ምሽት ብርሃን ቬነስ ነበረች፦ «ሰማያችን እየተጎበኘ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቶ እኔም ዘንድ የደረሰ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ በምዕራቡ ሰማያችን ላይ በየምሽቱ ይታይ የነበረው ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል፣ በተለምዶ ዩፎ የሚባለው ነው፤ ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ምሽት፣ ሌላ አነስተኛ ብርሃን አስከትሎ መጥቷል፤ ብዙ ሰው በዓይኑ አይቶታል፣ በስልኩም ቀርጾታል፤ «ቬነስ ናት» የሚለው መልስ ደግሞ ጠያቂን ዝም ለማሰኘት የተለመደ ማምለጫ ነው። ጸሐፊው ይህን ለማስረዳት ከአገር ቤትም ከውጭም በርከት ያሉ ነጥቦችን አንስተዋል። እኔ በበኩሌ ያ ብርሃን ቬነስ እንደ ነበረች፣ ለዚህም ከማንም የተሻሉት ምስክሮች ራሳቸው ጸሐፊው የመዘገቧቸው ሰዓቶችና አቅጣጫዎች እንደሆኑ ነጥብ በነጥብ አሳያለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ጸሐፊው ያዩትን አላዩም የሚል ክርክር የለኝም። እንዲያውም ጽሑፋቸውን ሳነብ ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ቀን፣ ሰዓትና አቅጣጫ እየጠቀሱ መጻፋቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ አብዛኛውን ጊዜ «አንድ ቀን ማታ አንድ ነገር አየን» ከማለት አያልፍምና። በዚያ ሰማይ ላይ ብርሃን ነበረ። የምንለያየው በስሙ ላይ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የድምቀት ጉዳይ ነው። «ኮከብ ይህን ያህል አይደምቅም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ኮከብ ይህን ያህል አይደምቅም። ቬነስ ግን ፕላኔት እንጂ ኮከብ አይደለችም፤ መላ አካሏን የሸፈነው ወፍራም ደመና ከፀሐይ የሚደርሳትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥሎ በሰማያችን ላይ ሁልጊዜ የምትታይ ደማቋ አካል እርሷ ናት። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የድምቀት መለኪያ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ይበረታል፤ ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ የሚደምቀው ሲሪየስ -1.46 ሲሆን ቬነስ በዚያ ጥር ወር ከ-4.5 ታልፍ ነበር። ይህም ወደ ተራ ቋንቋ ሲመለስ ከሲሪየስ ከ15 ጊዜ በላይ ደምቃ ነበር ማለት ነው። ከከተማ መብራት ርቆ በጨለማ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ደካማ ጥላ እስከ ማጣል ትደርሳለች። ስለዚህ የድምቀቱ ብዛት ቬነስን ከተጠርጣሪነት ነጻ አያወጣትም፤ ይልቁንም በመጀመሪያ የሚያስጠራት እርሱ ነው።

ወደ ሰዓቱ እንለፍ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጸሐፊው እንደ መዘገቡት ብርሃኑ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ፀሐይ እንደ ገባች፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በምዕራብ ደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ ከአድማስ እስከ አናት ካለው ርቀት እኩሌታው ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ከወጨጫ ተራራ ጀርባ «ያርፋል»። በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል እንኳን ሳይሞላ መሄድ ጀመረ ይላሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድም ቀን አላዩትም። ጸሐፊው ይህን ሥርዓት ጠባቂነት የአስተዋይ አእምሮ ምልክት አድርገው ወስደውታል።

ቬነስ ምሕዋሯ ከመሬት ምሕዋር ወደ ውስጥ፣ ወደ ፀሐይ የቀረበ ስለሆነ ከእኛ ስትታይ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ብዙም አልፋ ልትርቅ አትችልም። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር 47 ዲግሪ ማለት ከሦስት ሰዓት ጥቂት ያለፈ ጊዜ ነው። ከፀሐይ እጅግ የራቀችበት ቀን ደግሞ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በከተራ ዕለት ፀሐይ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ገብታ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ቢጨመርበት 3 ሰዓት ከ40 ይሆናል፤ ወጨጫ የአድማሱን ታችኛ ክፍል ሦስት አራት ዲግሪ ያህል ስለሚከልለው ሩብ ሰዓት ገደማ ይቀነሳል። የሚቀረው 3 ሰዓት ተኩል ነው። ጸሐፊው የጻፉት ቁጥር ይኸው ነው። በየካቲት ማለቂያ ቀደም እያለ መግባቱም ቬነስ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ እየተመለሰች ስለ ነበረ ነው። አስተዋይ እንግዳ መጥቶ ከሆነ ከሰማይ ሁሉ መርጦ የቬነስን ሰሌዳ በደቂቃ ሳይዛነፍ የሚከተልበት ምክንያት ሊነገረን ይገባል።

እኔም በዚያው ሰሞን ከቤቴ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ ጉዳዩን ሞክሬዋለሁ። ራሴን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አጣብቄ ብርሃኗን ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ጥቁር ሮቶ የላይኛው ጫፍ ጋር አስተካከልኋት። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ከሮቶው ጀርባ ገባች። በማግሥቱ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ቦታ ተቀምጬ ስጠብቅ በዚያው ሰዓት፣ ደቂቃ በማይሞላ ልዩነት፣ እዚያው ሮቶ ላይ ደረሰች። መሣሪያ አላስፈለገኝም፤ የማይንቀሳቀስ ሮቶና የማይንቀሳቀስ አንገት በቂ ነበሩ።

ሦስተኛው ነጥብ ጸሐፊው እጅግ የሚኮሩበት ነው። ብርሃኑን በዚያው ምሽት በጅማም፣ በድሬዳዋም፣ በአዲስ አበባም ያሉ ሰዎች አይተውታል፤ ሁሉም «በምዕራብ በኩል» ብለዋል፤ ስለዚህ ግዙፍ ነገር ነው ይላሉ። ይህ አባባል ሲመረመር የሚያፈርሰው የራሳቸውን ድምዳሜ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ወይም በአምቦ አናት ላይ፣ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ የጅማ ሰው ሊያየው የሚችለው ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሮ ነበር። ሦስቱም ከተሞች ወደ አንድ አቅጣጫ ከጠቆሙ፣ የተጠቆመው ነገር በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ከምንም የማይቆጠርበት ሩቅ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ጨረቃም የምትታየን እንዲሁ ነው። የድሬዳዋው ተመልካች «ከእናንተ ትንሽ ቀደም ብሎ ጠፋብን» ማለቱን ደግሞ ጸሐፊው እንደ ምሥጢር አቅርበውታል። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ሦስት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትርቃለች፤ መሬት አንዱን ዲግሪ በአራት ደቂቃ ስለምትዞር በድሬዳዋ ፀሐይም፣ ጨረቃም፣ ቬነስም በአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀድማሉ።

ቀጥሎ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ብርሃኑ «ተከተለን» የሚለው ምስክርነት አለ። መኪናው ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሸኖ ላይ ሻይ ለመጠጣት ሲቆሙ እርሱም ይቆማል፣ ሁልጊዜም ከፊት ለፊት በስተቀኝ ነው። ልጅ ሆነን ጨረቃ ትከተለን እንደ ነበረ የማያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ። በመንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ራቅ ያለው ኮረብታ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፣ በአሥር ሚሊዮኖች ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ላይ ያለችው ቬነስ ግን በ130 ኪሎ ሜትር ጉዞ ቅንጣት ታህል ቦታ አትለቅም፤ ዓይናችንም ዛፉ እየሸሸ እርሷ ካልሸሸች አብራን እየሄደች ነው ብሎ ይተረጉመዋል። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚያመራ በጥር ምሽት ቬነስ ያለችው በትክክል ከፊት ለፊት በስተቀኝ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1966 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሁለት የፖሊስ ባልደረቦች ጎሕ ሊቀድ ሲል አንድ ብርሃን ማሳደድ ጀምረው ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ፔንሲልቬኒያ ገብተዋል። የአየር ኃይሉ መርማሪዎች መጀመሪያ ያዩት ሳተላይት፣ በኋላ ያሳደዱት ደግሞ ቬነስ ነው ብለው ደመደሙ፤ ፖሊሶቹ ይህን አልተቀበሉም፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ አለ። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ግን ስንነዳ የሚሄድልን፣ ስንቆም የሚቆምልን ብርሃን ሊኖረው የሚችለው የመጀመሪያ ትርጉም እጅግ ሩቅ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ከተራው ምሽት። ጸሐፊው ታቦታቱ ወደ ማደሪያቸው ከወረዱ በኋላ ሕዝቡ በሜዳው ላይ እንዳለ ትልቁ ብርሃን አጠገብ ፈዘዝ ያለ ትንሽ ብርሃን መታየቱን፣ ትንሹ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ወደ ትልቁ እየተጠጋ መጥቶ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ እየራቀ መሄዱን በጥንቃቄ ጽፈዋል። ይህን ክፍል ሳነብ ኮፍያዬን ላነሳላቸው ምንም አልቀረኝም፤ በዓይን ብቻ እንዲህ ያለ ክትትል ማድረግ ቀላል አይደለም። ያዩት ሳተርንን ነው። ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ቬነስና ሳተርን በሰማይ ላይ እጅግ የተቀራረቡበት ምሽት ነበር፤ በመካከላቸው የቀረው ከሁለት ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ፣ አራት ሙሉ ጨረቃዎችን ጎን ለጎን ቢደረድሩ የሚሸፍኑት ያህል ክፍተት ብቻ ነበር። በድምቀት ቬነስ ሳተርንን ከመቶ እጥፍ በላይ ትበልጣት ስለ ነበር አንዷ ጌታ ሌላዋ ሎሌ መስለው መታየታቸው አያስገርምም። ጉዳዩ አስቀድሞ ተሰልቶ የታወቀ ነበር፤ የዘመን መቁጠሪያችንም እንዳጋጣሚ በከተራ ላይ ጣለው። ሕዝብ በሙሉ ማታ ከቤት ወጥቶ በሜዳ በሚያመሽበት፣ ሰማዩም በበጋው ጥርት ባለበት በዚያ ሌሊት ሁለቱን ብርሃናት ያላየ ቢኖር ነበር የሚደንቀው።

ጸሐፊው «ብርሃኑ ዝም ብሎ የቆመ አልነበረም፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ አብረውኝ የነበሩ ሁሉ መስክረዋል» ይላሉ። ይህ የዓይን ጠባይ ነው። በጨለማ ውስጥ ብቻውን ያለ ትንሽ ብርሃን፣ ከጎኑ የሚነጻጸርበት ቋሚ ነገር ከሌለ፣ ቆሞ ሳለ የሚንቀሳቀስ መስሎ ይታያል፤ ዓይናችን ራሱ ሳናውቀው ያለማቋረጥ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ያደርጋልና። ታላቁ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1799 ከቴኔሪፍ ደሴት ተራራ ላይ ሆኖ ከዋክብት ሲዋዥቁ አይቶ እውነተኛ እንቅስቃሴ መስሎት ስም እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር፤ ነገሩ ያለው በተመልካቹ ዘንድ እንጂ በከዋክብቱ ዘንድ እንዳልሆነ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የምስክሮቹን ብዛት በተመለከተ ደግሞ ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ጥናት ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰዎችን ጨለማ ክፍል አስገብቶ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ የብርሃን ነጥብ እያሳየ ምን ያህል እንደ ተንቀሳቀሰ ጠየቃቸው፤ ለየብቻ ሲጠየቁ ግምታቸው የተለያየ ነበር፣ አንድ ላይ ሆነው ጮክ ብለው ሲመልሱ ግን ግምታቸው እየተቀራረበ መጥቶ አንድ ሆነ። በከተራው ሜዳ ላይ አንዱ «ያው! ወደ ቀኝ ሄደ!» ሲል አጠገቡ ያሉት አሥሩም ወደ ቀኝ ሲሄድ ያዩታል። አሥር ምስክር ይመስላል፤ ሲቆጠር ግን አንድ ነው።

ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብልጭታ ማሳየቱን ባጭሩ ልለፈው። አንድ ብርሃን ወደ አድማስ በተጠጋ ቁጥር ወደ እኛ ለመድረስ የሚያቋርጠው አየር ከአናት ላይ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ የሚናወጠው አየር ብርሃኑን እየሰባበረ ቀለማቱን ይበትናል። ጸሐፊው ራሳቸው ብልጭታው የታየው «ሊሰወር ጥቂት ሲቀረው» መሆኑን ጽፈዋል። በመጨረሻ መቅላቱም የበጋው አቧራና የከተማው ጭስ ሥራ ነው፤ ፀሐይስ ስትጠልቅ ትቀላ የለምን?

የስልክ ቪዲዮው ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን አንባቢ ያሳመነው እርሱ ይመስለኛልና። በቪዲዮው ላይ ብርሃኑ ሲቀረብ ክብ ሳንቲም መስሎ ይታያል፤ ጠርዙ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ አለ፤ ክቡም እንደሚተነፍስ ነገር ይሰፋል ይጠባል። የስልክ ካሜራ በጨለማ ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ ብቻ ሲያገኝ የሚያተኩርበት ነገር ይጠፋዋል፤ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ ይፈልጋል፣ ትኩረቱን በሳተ ቁጥር ነጥቧ ተበትና የሌንሱን ቀዳዳ ቅርጽ ትይዛለች። ክቡ የሌንሱ ክብ ነው። መተንፈሱ የማተኮር ሙከራው ነው። ጠቆር ያለው ነጥብ በመስታወቱ ላይ የተቀመጠ አቧራ ሊሆን ይችላል። አንባቢ ይህን ማረጋገጥ ከፈለገ ዛሬ ማታ ከሩቅ የሚታይ የመንገድ መብራት መርጦ እስከ መጨረሻው ድረስ አጉልቶ ይቅረጸው፤ ያው «መንኮራኩር» ይወጣለታል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። በዚያ ሰሞን ቬነስ በቴሌስኮፕ የምትታየው እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆና ነበር፤ ከፀሐይ እጅግ በምትርቅበት ጊዜ ብርሃን የሚያርፍባት እኩሌታዋ ላይ ብቻ ሆኖ ስለሚታየን። የቬነስን መሙላትና መጉደል ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 በገዛ ቴሌስኮፑ አይቶታል። ስፋቷ ደግሞ ከጨረቃ ስፋት ሰባ እጅ ያህል ያንስ ስለ ነበር የእጅ ስልክ ቅርጿን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ በቪዲዮው ላይ የሚታየው ሙሉ ክብ የቬነስ መልክ አይደለም፤ የመንኮራኩርም መልክ አይደለም፤ የስልኩ ነው።

«አባቶቻችን አጥቢያ ኮከብን ያውቁ ነበር፤ አጥቢያ ኮከብ ግን የንጋት እንጂ የምሽት አይደለም፤ ታዲያ ይህ እንዴት እርሷ ሊሆን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ነጥቦች የተሻለው ነው፤ ቢያንስ በገዛ ቋንቋችን የተጠየቀ ነው። መልሱ አንዲቷ ቬነስ ሁለት ተራ አላት የሚል ነው። ከፀሐይ በስተ ምሥራቅ በምትሆንበት ጊዜ ፀሐይን ተከትላ ስለምትገባ የምሽት ናት፤ በስተ ምዕራብ ስትሆን ፀሐይን ቀድማ ስለምትወጣ የንጋት ናት። የጥንት ግሪኮችም ለሁለቱ ሁለት ስም ነበራቸው፤ በኋላ ነው አንድ መሆናቸውን የተረዱት። በእኛ የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ደግሞ ከዐረብኛ በመጣው ስሟ ዝሁራ ተብላ ከፈለኮቹ ጋር ትቆጠራለች። ጸሐፊው «በመጋቢት አጋማሽ በድንገት ተሰወረ፤ ተመልሶም አልመጣም» ብለው ጽፈዋል። መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ቬነስ በመሬትና በፀሐይ መካከል አልፋለች። ተመልሳም መጥታለች፤ ጥቂት ቀናት ቆይታ በምሥራቅ በኩል፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አጥቢያ ኮከብ ሆና። ማታ ማታ ምዕራቡን የሚጠብቁት ጸሐፊ በዚያ ሰዓት ተኝተው እንደ ነበር እገምታለሁ፤ ለማለዳ ጸሎት የተነሡት ግን አይተዋታል።

«ልምድ ያለው አብራሪና ወታደር ቬነስን ከበራሪ አካል መለየት አያቅተውም» የሚለው ከውጭ አገር የተጠቀሰው ዋና ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2011 ሌሊት የኤር ካናዳ 878 በረራ ከቶሮንቶ ተነሥቶ ወደ ዙሪክ አትላንቲክን እያቋረጠ ነበር። ረዳት አብራሪው እንዲያርፍ ተፈቅዶለት ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቶ ተነሣ። በዚያው ቅጽበት አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ሲ-17 አውሮፕላን ከፊት ለፊት፣ ከእነርሱ 1,000 ጫማ ዝቅ ብሎ እየመጣ ነበር። ዋናው አብራሪ ይህን ሲነግረው ረዳቱ በመስኮት አሻግሮ አየና ደማቋን ቬነስን አውሮፕላኑ መሰለችው። ካፒቴኑ አውሮፕላኑ ያለው ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ መሆኑን ደግሞ ነገረው፤ ረዳቱ እውነተኛውን አውሮፕላን ሲያገኘው ግን ከበላይ ሆኖ ወደ እነርሱ የሚወርድ መስሎት መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ ቦይንግ 767ቱን ቁልቁል ሰደደው። ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ከጣሪያው ጋር ተላተሙ፤ 14 መንገደኞችና 2 የበረራ አስተናጋጆች ተጎዱ። ይህን ያጣራው የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ነው። ሰውዬው የሠለጠነ አብራሪ ነው፤ ቬነስን አውሮፕላን ያስመሰለበት ነገር ጨለማና ከእንቅልፍ ያልጠራ አእምሮ ብቻ ነው።

ስለ ወታደሮች ከተባለ ደግሞ ከላዳክ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። የሕንድ ጦር ከቻይና ጋር በሚያዋስነው ከፍተኛ ተራራማ አካባቢ፣ በፓንጎንግ ሐይቅ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2012 እስከ የካቲት 2013 ድረስ ሁለት ብርሃናትን ሲከታተል ቆየ። ወታደሮቹ የቻይና ሰው አልባ አውሮፕላኖች ናቸው ብለው 329 ጊዜ መዝግበዋቸዋል፤ ከእነዚህም 155ቱ ድንበር ጥሰዋል ተብሎ ተጽፏል። በመጨረሻ በባንጋሎር የሚገኘው የሕንድ አስትሮፊዚክስ ተቋም ተጠየቀ። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ ብርሃናቱ የሚታዩበትን ሰዓትና አቅጣጫ አስመዝግበው ከዙሪያቸው ካሉት ከዋክብት አንጻር እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ አዩ። አንዱ ጁፒተር፣ ሌላው ቬነስ ሆነው ተገኙ። እነዚያ ወታደሮች ሰነፎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ትጉህ ዘብ ስለ ነበሩ ነው 329 ጊዜ የመዘገቡት። ችግሩ ዘብ የሚጠብቀው ጠላትን እንጂ ፕላኔትን አለመሆኑ ነው፤ ዓይን ደግሞ የሚጠብቀውን ያያል። ኦሃዮ፣ አትላንቲክ፣ ላዳክ ሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ ናቸው፤ ልዩነቱ የላዳኩ ጦር የሚያውቁትን ሰዎች መጠየቁ ነው።

ጸሐፊው የአሜሪካ አየር ኃይል የዩፎ ሪፖርቶችን በመረመረበት በብሉ ቡክ ፕሮጀክት የመዘገባቸውን ጉዳዮችም አንስተዋል። ቁጥሩን በትክክል ጠቅሰዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1969 ከተሰበሰቡት 12,618 ሪፖርቶች 701 ያህሉ ማብራሪያ ሳይገኝላቸው ቀርተዋል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ከመቶ ስድስት የማይሞላውን ይዘው ከመቶ ዘጠና አራቱን መተው ለምን አስፈለገ? «ምንነቱ አልታወቀም» የሚለው ቃልስ በምን መንገድ «ምንነቱ ታወቀ፣ ከሌላ ዓለም ነው» ወደሚል ይለወጣል? የእኛ የምዕራብ ብርሃን ደግሞ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ አቅጣጫውም ስለ ተሰጠን ከ701ዱ ጋር የሚደመርበት ምክንያት የለም።

በአንድ ጉዳይ ላይ ግን እስማማለሁ። ጸሐፊው የአብራሪ ቶማስ ማንቴልን አሟሟት ጠቅሰው «መጀመሪያ ቬነስ አሉ፣ ኋላ ቃላቸውን ለወጡ» ብለዋል። እውነት ነው። ማንቴል እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1948 በኬንታኪ አንድ የሚያበራ ነገር ለማየት በኤፍ-51 አውሮፕላኑ ያለ ኦክስጅን እጅግ ከፍ ብሎ በመውጣቱ ወድቆ ሞቷል፤ በጊዜው የተሰጠው የቬነስ ማብራሪያም አልጸናም፤ በቀን ብርሃን እንዲያ ጎልታ ልትታይ አትችልም ነበርና። ዛሬ አብዛኛው አጥኚ የሚቀበለው በዚያን ጊዜ ምሥጢር የነበረው ስካይሁክ የተባለው ግዙፍ ፊኛ ነበር የሚለውን ነው። ቬነስን በማንኛውም ብርሃን ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው። ነገር ግን ማብራሪያው ሰዓትና አቅጣጫ ተመርምሮ እንደሚወድቅ ከዚህ ከተማርን፣ በዚያው ሚዛን ተመርምሮ እንደሚጸናም መቀበል ይኖርብናል።

የመጨረሻው ነጥብ በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደደና እየተቆራረጠ ያለፈውን ብርሃን ከምዕራቡ ብርሃን ጋር ማያያዛቸው ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ወሩ ብቻ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በማያንስ ፍጥነት ስለሚገባ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፤ ከምሕዋር የሚወድቅ የሳተላይት ወይም የሮኬት ስብርባሪ ግን በሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ፣ ፍርስራሹን በአንድ መስመር አስከትሎ፣ ሰማዩን በዝግታ ያቋርጣል። በዚያ ምሽት የተቀረጹትን ቪዲዮዎች ያየ ሰው ለሁለተኛው ቢያደላ አልፈርድበትም። እንዲህ ያለ ነገር መውደቁም እንግዳ አይደለም፤ ታኅሣሥ 21 ቀን በጎረቤት ኬንያ ማኩዌኒ ውስጥ 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወርዶ በአንድ መንደር ላይ ማረፉን የአገሪቱ የጠፈር ኤጀንሲ ይፋ አድርጓል። ሆኖም ነድዶ ያለፈው ነገር ያለፈው በደቂቃ ነው፤ ቬነስ ግን በዚያው ምሽትም በቦታዋ ነበረች።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት «ብርሃኑ ይመለሳል፤ መቼ እንደሚመለስ ግን ማንም አያውቅም» በማለት ነው። መቼ እንደሚመለስ ይታወቃል። ቬነስ በየስምንት ዓመቱ፣ ሁለት ቀን ያህል ቀደም ብላ፣ በዚያው ወቅት በዚያው የሰማይ ክፍል ትገኛለች። በጥር 2009 ዓ.ም. ምሽቶች ምዕራቡን የተመለከተ ሰው ይህችኑ ብርሃን በዚሁ ቦታ አይቷታል። ጥር 10 ቀን 2025 ዓ.ም.፣ በከተራ ምሽት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ወጨጫ አቅጣጫ ቢያዩ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰማዩ እኩሌታ አካባቢ ትጠብቅዎታለች፤ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። ትንሿ ጓደኛዋ ግን በዚያ ምሽት ከአጠገቧ አትኖርም፤ ሳተርንን ለማየት ጀርባዎን ለወጨጫ ሰጥተው ወደ ምሥራቅ መዞር ያስፈልግዎታል።